አንድ ቀን በዴልሂ፦ ስለ ግል ጉብኝት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙ ሀበሻ ዴልሂን የሚያውቃት በሆስፒታል በኩል ነው። ታካሚ ይዞ ይሄዳል። ሌላው ለንግድ ወይም ለትምህርት ይሄዳል። የምርመራ ውጤት እስኪደርስ ወይም ዕቃ እስኪጫን አንድ ባዶ ቀን ይገኛል። ያን ቀን መኪናና አስጎብኚ ይዞ ከተማዋን ማየት በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ሰው ከመሄዱ በፊት የሚሰማው ወሬ ነው። በወሬው ምክንያት ቀኑ ግማሹ ትራፊክ ላይ፣ ግማሹ ምንጣፍ ሱቅ ውስጥ ያልቃል። ይሄ ያሳዝነኛል። ዴልሂ በዚህ መንገድ የምትታይ ከተማ አይደለችም። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

“ዴልሂ ከሄድኩ ታጅ ማሃልን አያለሁ”

ታጅ ማሃል ያለው አግራ ነው። አግራ ከዴልሂ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በፈጣኑ መንገድ በመኪና መሄጃው ብቻ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል፤ መመለሻውም እንደዚያው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል። ግን ያ ራሱን የቻለ ሌላ ጉብኝት ነው፤ በዚያ ቀን ዴልሂን አታዩም። ደግሞ ታጅ ማሃል ዓርብ ዓርብ ዝግ ነው። ይህን ሳያውቅ ለዓርብ መኪና የሚይዝ ሰው አለ።

አግራ መድረስ ካልቻላችሁ ግን አትዘኑ። ታጅ ማሃልን ያሠራው ንጉሥ ሻህ ጃሃን ዴልሂ ላይም ትልቅ አሻራ ትቷል። ቀይ ግንብ የሚባለውን ቤተ መንግሥት (ሬድ ፎርትን) ያሠራው እሱ ነው። ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1648 ተጠናቀቀ። ጃማ መስጂድም የእሱ ሥራ ነው፤ ያለቀው በ1656 ነው። ከሁሉም በላይ ግን እኔ የምመክረው የሁማዩንን መቃብር ነው። ሁማዩን የሻህ ጃሃን ቅድመ አያት ነበር። መቃብሩ የተሠራው ታጅ ማሃል ከመጀመሩ ወደ 60 ዓመት ቀድሞ ነው። ትልቁ ጉልላት፣ በአራት የተከፈለው የአትክልት ስፍራ፣ በመሃል የሚሄደው ውሃ፣ ሁሉም እዚህ አለ። ታጅ ማሃል ከየት እንደመጣ እዚህ ቆማችሁ ታዩታላችሁ። ሕዝቡም ከአግራው በጣም ያነሰ ነው። ጠዋት በማለዳ ከደረሳችሁ ግቢው ውስጥ ተረጋግታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ።

“ዝርዝሩ ረዥም የሆነው ጉብኝት ይሻላል”

ኩባንያዎች አሥርና አሥራ ሁለት ቦታ ይደረድራሉ። ሰው ዝርዝሩን አይቶ “በዚህ ዋጋ ይሄን ሁሉ!” ይላል። ካርታውን ማየት ግን ይጠቅማል። ቁጥብ ሚናር የሚባለው ጥንታዊ ማማ ያለው ደቡብ ጫፍ ላይ ነው። አሮጌው ዴልሂ ሰሜን ነው። በሁለቱ መካከል ከተማዋ ሙሉ ተዘርግታለች። መንገዱ ሲጨናነቅ ይህ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይበላል።

ረዥም ዝርዝር ካያችሁ ግማሹ ከመኪና መስኮት የሚታይ ነው። የፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት፣ ፓርላማው፣ የኤምባሲዎች ሰፈር፣ እነዚህ ሁሉ “ጎበኘን” ተብለው ይቆጠራሉ። ለእኔ ጥሩ ቀን ማለት አራት ቦታ ነው፣ ቢበዛ አምስት። ለምሳሌ በማለዳ ሁማዩን፤ ቀጥሎ አሮጌው ዴልሂ፣ ጃማ መስጂድና ገበያው፤ ከምሳ በኋላ ኢንዲያ ጌት፣ የጦርነት መታሰቢያው ቅስት፣ አጭር ቆይታ፤ ማምሻውን ቁጥብ ሚናር። ታካሚ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው አብሯችሁ ካለ ሦስት ይበቃል። ግቢዎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ደረጃም አላቸው።

“ሾፌሩ እኮ ያስጎበኛል”

ብዙ ሰው ገንዘቡ የት እንደሄደ የማይገባው እዚህ ላይ ነው። ሕንድ ውስጥ መኪና ከሾፌር ጋር መከራየት እና አስጎብኚ መቅጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሾፌሩ በር ላይ ያደርሳችኋል፣ ፓርኪንግ ላይ ይጠብቃችኋል። ታሪኩን የሚነግራችሁ አስጎብኚው ነው፤ የሚገባውም ከእናንተ ጋር ነው። የሕንድ ቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ የሰጠው አስጎብኚ መታወቂያ ካርድ አለው። አሳየኝ ማለት ነውር የለውም። በር ላይ ቆሞ “እኔ ኦፊሻል ነኝ” የሚለውን ሰውም በዚያው መንገድ ጠይቁት።

የመኪናው ኪራይም የራሱ ደንብ አለው። የተለመደው ጥቅል 8 ሰዓት እና 80 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ በሰዓትና በኪሎ ሜትር ይጨመራል። ቆጠራው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው መኪናው ከጋራዥ ከወጣ ነው፤ እናንተን ካነሳ አይደለም። ሆስፒታል የበዛበት ጉርጋኦን ካረፋችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጉርጋኦን የሃሪያና ክልል ነው፤ ወደ ዴልሂ ሲገባ የክልል ግብር እና የመንገድ ክፍያ ሊጨመር ይችላል። ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት አምስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ አስጎብኚ አለ ወይ? መግቢያ ቲኬት ተካቷል? ፓርኪንግና የመንገድ ክፍያስ? ትርፍ ኪሎ ሜትር ስንት ነው? ምሳስ? በዋትስአፕ የመጣ መልስ ይበቃል። ማታ ላይ ክርክር ሲነሳ እሱን ታሳያላችሁ።

“የግል ጉብኝት የሀብታም ነገር ነው”

መኪናውም አስጎብኚውም ብዙ ጊዜ የሚከፈላቸው በቀን ነው። አራት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ለአራት ይካፈላል። ዋጋ በነፍስ ወከፍ የሚነግሯችሁ ከሆነ “ጠቅላላው ለመኪናው ስንት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ከበድ የሚለው ይልቅ የመግቢያ ቲኬቱ ነው። እንደ ቀይ ግንብ፣ ሁማዩንና ቁጥብ ሚናር ያሉ ትልልቅ ቅርሶች ለውጭ ዜጋ እያንዳንዳቸው ወደ 600 ሩፒ ናቸው። ሕንዳዊው ወደ 40 ሩፒ ይከፍላል። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፤ በር ላይ የተለጠፈ የመንግሥት ታሪፍ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በነፃ ይገባሉ። ኢንዲያ ጌት፣ የባሃኢ ቤተ አምልኮ የሆነው ሎተስ ቴምፕልና የጋንዲ አስከሬን የተቃጠለበት ራጅ ጋት ደግሞ ቲኬት የላቸውም።

ገንዘብ ካጠረ መኪናውን ትታችሁ አስጎብኚ ብቻ ቅጠሩ። የዴልሂ ሜትሮ ንጹሕና ርካሽ ነው፤ ለቀይ ግንብም ለጃማ መስጂድም በስማቸው ጣቢያ አለ። የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ የተለየ ነው። ከጣቢያ ወዲያ ባጃጅ አለ፤ ባጃጅን ለሀበሻ ማስተዋወቅ አያስፈልግም።

“የትኛውም ቀን ያው ነው”

ሰኞን ተጠንቀቁ። ቀይ ግንብ፣ ሎተስ ቴምፕል፣ አክሻርዳም ቤተ መቅደስ፣ ጋንዲ የተገደለበት ቤትና ብሔራዊ ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ ዝግ ናቸው። ሁማዩንና ቁጥብ ሚናር ግን በየቀኑ ክፍት ናቸው። ጃማ መስጂድ በሶላት ሰዓት ጎብኚ አያስገባም፤ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ባትሄዱ ይሻላል።

ወቅቱም ለውጥ አለው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ አየሩ በጭስ ይታፈናል፤ አስም ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው በጣም ይከብዳል። የካቲትና መጋቢት ደስ ይላሉ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ የቆየ ማታለያ አለ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ቀርቦ በጨዋ ቋንቋ “ቀይ ግንብ ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ” ይላል። ቀኑ ሰኞ ካልሆነ በሩ ድረስ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። በኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ ዙሪያም የመንግሥት ቱሪስት ቢሮ ነን የሚሉ የግል ቢሮዎች ሞልተዋል። ትክክለኛው የሕንድ ቱሪዝም ቢሮ ያለው ጃንፓት መንገድ፣ ቁጥር 88 ነው።

“ሱቅ ውሰዱን ባንልም መግባት አለብን”

የለባችሁም። ምንጣፍ፣ ሻርፕና ጌጣጌጥ የሚሸጥባቸው ትልልቅ ሱቆች ቱሪስት ላመጣ ሰው ኮሚሽን ይከፍላሉ። ሻይ ይቀርባል፣ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ አንድ ሰዓት ያልፋል። ኮሚሽኑ የሚወጣው እናንተ ከምትከፍሉት ዋጋ ላይ ነው። ጠዋት መኪና ውስጥ ስትገቡ በፈገግታ “ዛሬ ሱቅ አንገባም” በሉ። አንድ ጊዜ ከተባለ ጨዋ አስጎብኚ ያከብረዋል።

መግዛት ከፈለጋችሁም አማራጭ አለ። ጃንፓት ላይ ያለው የመንግሥት የዕደ ጥበብ መደብር ዋጋው የተቆረጠ ነው። ዲሊ ሃት የሚባለው ገበያ ውስጥ ደግሞ ከየክልሉ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ሥራቸውን ራሳቸው ይሸጣሉ፤ እዚያ መከራከር ትችላላችሁ።

“ሕንድ ሁሉም ነገር የጾም ነው”

ሀበሻን በጣም የሚያሳስተው ይሄኛው ነው። ሕንድ ውስጥ በታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካያችሁ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የለውም ማለት ነው። ወተትና ቅቤ ግን ሊኖረው ይችላል። የእነሱ ከሥጋ ነፃ ምግብ የእኛ ጾም አይደለም። ምስር ወጡ ላይ በመጨረሻ የነጠረ ቅቤ ይፈስበታል። የስፒናች ወጡ ውስጥ ያለው ነጭ ቁራጭ ፓኒር ነው፣ አይብ። ናን የሚባለው ቂጣ ብዙ ጊዜ እርጎ ይገባበታል፤ ሲወጣም ቅቤ ይቀባል። ሻዩ የሚፈላው በወተት ነው። አሮጌው ዴልሂ ውስጥ ፓራታ የሚጠበስበት ታዋቂ ጠባብ መንገድ አለ፤ ጥብሱ በቅቤ ነው።

ምን ይበላል ታዲያ? የደቡብ ሕንድ ምግብ ቤት ፈልጉ። ዶሳ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክቶ የሚጋገር ነው፤ በስሱ እንደተጋገረ እንጀራ ነው፣ ግን ጥርስ ስር ኩርሽም ይላል። “በዘይት ብቻ” ብላችሁ እዘዙ። ኢድሊ በእንፋሎት የሚበስል ስለሆነ ከቅቤ ነፃ ነው። ሽምብራ ወጥ፣ ድንችና አበባ ጎመን በዘይት፣ ተራ ሩዝ፣ ሮቲ ያለ ቅቤ፣ እነዚህ ሁሉ ይገኛሉ። ለአስጎብኚው ጠዋት ንገሩት፦ “ኖ ጊ፣ ኖ ፓኒር፣ ኖ ዳሂ፣ ኖ ሚልክ።” ጊ የነጠረ ቅቤ፣ ዳሂ እርጎ ነው። እሱ ለአስተናጋጁ በሂንዲ ያስረዳላችኋል። አስጎብኚ መያዝ ከሚጠቅምባቸው ነገሮች ይሄ ዋነኛው ነው ብል አላጋነንኩም። ውሃ ደግሞ ክዳኑ ያልተከፈተ የታሸገ ብቻ ጠጡ።

“ቁጥብ ሚናር ላይ ወጥተን ከተማዋን እናያለን”

ማማው ወደ 73 ሜትር ይረዝማል፤ ግንባታው የተጀመረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ውስጡ ግን ከ1981 ጀምሮ ለጎብኚ ዝግ ነው። ያን ዓመት ደረጃው ላይ በተፈጠረ መረጋገጥ ብዙ ሰው ሞቶ ነበር፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ግቢው ውስጥ ያለውን የብረት ምሰሶ ግን አትለፉት። 1,600 ዓመት ገደማ ሜዳ ላይ ቆሞ አልዛገም። አስማት የሚመስለው ሰው አለ። ምክንያቱ ብረቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ነው፤ ላዩ ላይ ቀጭን መከላከያ ሽፋን እንዲፈጠር አድርጓል።

“አሮጌው ዴልሂ ሌባና ቆሻሻ ብቻ ነው፣ ይቅርብን”

ይቅር ካላችሁ የቀኑን ምርጥ ክፍል ጣላችሁት። ግፊያ አለ፣ ኪስ መጠበቅ አለበት፤ መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን አያጣውም። ዋናው መንገድ ቻንድኒ ቾክ ታድሷል፤ ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሞተር ያለው ተሽከርካሪ አይገባበትም። በእግር ወይም በፔዳል ሪክሾ ነው የምትሄዱት። በአንድ መንገድ ላይ የጄይኖች ቤተ መቅደስ፣ የሂንዱ መቅደስ፣ ጉርድዋራ የሚባለው የሲኮች ቤተ አምልኮና መስጂድ ታገኛላችሁ። መጨረሻው ላይ ካሪ ባኦሊ አለ፣ ግዙፉ የቅመም ጅምላ ገበያ። እርድ፣ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ በጆንያ የተቆለለ በርበሬ። የበርበሬው ብናኝ ያስነጥሳል፤ ነጠላ ወይም ሻርፕ ያዙ። ሻርፑ ጉርድዋራ ስትገቡም ራስ ለመሸፈን ይጠቅማል፤ እዚያ ወንዱም ሴቱም ይሸፈናል፣ ጫማም ይወልቃል።

“ፕሮግራሙ አንዴ ከወጣ አይቀየርም”

የግል ጉብኝት የከፈላችሁበት እኮ ለመቀየር ነው! ያልወደዳችሁትን ዝለሉ፣ የወደዳችሁት ላይ ቆዩ። ዝርዝር ውስጥ የሌለ ቦታም መጠየቅ ትችላላችሁ።

እኔ ለሀበሻ ጎብኚ አንድ እጨምራለሁ። ከ1236 እስከ 1240 ዴልሂን የገዛች ራዚያ የምትባል ሴት ነበረች። በዙፋኑ ላይ በራሷ ስም የተቀመጠች ብቸኛዋ ሴት የዴልሂ ሱልጣን ናት። ጃማል አድ-ዲን ያቁት የተባለውን ሀበሻ የፈረስ ጋጣዎች ሹም አድርጋ ሾመችው። የቱርክ መኳንንቱ ባዕድ እንዴት ይቀድመናል ብለው ተቆጡ። ዐመፅ ተነሳ፣ ያቁት ተገደለ፣ እሷም ከሥልጣን ወረደች። የራዚያ ነው የሚባል መቃብር አሮጌው ዴልሂ ውስጥ፣ ቱርክማን ጌት አካባቢ ይገኛል። ሌሎች ከተሞችም እኛ ጋ ነው ይላሉ። ቦታው ትንሽ ነው፤ በቤቶች ተከብቧል፤ በተለመደው ዝርዝር ውስጥ አታገኙትም። ማየት ከፈለጋችሁ ከአንድ ቀን በፊት ለኩባንያው ጻፉ፤ መንገዱን የሚያውቅ አስጎብኚ ይመድቡላችሁ። መኪና አይደርስም። ከቱርክማን ጌት በእግር ነው።