ወኪል መለኪያ ምንድን ነው?

«አዲሱ መድኃኒት ኮሌስትሮልን በግማሽ ቀነሰ» የሚል ዜና ስታዩ ቶሎ ደስ አይበላችሁ። ቀነሰ፣ እሺ፣ ከዚያስ? የወሰዱት ሰዎች ከልብ ሕመም ተረፉ? ዕድሜያቸው ረዘመ? ብዙ ጊዜ ዜናው ይህን አይናገርም፤ ጥናቱ ራሱ አልለካውማ።

ሐኪምም ታካሚም በመጨረሻ ማወቅ የሚፈልጉት ሰውየው በሕይወት መቆየቱን፣ አጥንቱ አለመሰበሩን፣ ስትሮክ አለመምታቱን ነው። ይህን ለማየት ግን ዓመታት ይፈጃል፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይፈልጋል፣ ወጪውም አይቀመስም። ስለዚህ ቶሎ የሚለካ ነገር ይመረጣል፦ የደም ስኳር፣ የአጥንት ጥግግት፣ የዕጢ ስፋት። የታካሚውን ዕጣ ወክሎ የሚቆመው ይህ ቁጥር ነው ወኪል መለኪያ የሚባለው።

አንዳንዱ ወኪል ታማኝ ነው። በኤችአይቪ ሕክምና የቫይረሱ መጠን በደም ውስጥ ሲወርድ ታካሚዎች በእርግጥም ረጅም ይኖራሉ። የደም ግፊትም ጥሩ ወኪል ነው።

ሌላው ግን ጉድ ይሠራል። ከድንገተኛ የልብ ጥቃት የተረፉ ሰዎች የልባቸው ምት አልፎ አልፎ ሲዛባ በድንገት የመሞት አደጋቸው ከፍ ይላል። እንግዲያው መዛባቱን የሚያጠፋ መድኃኒት ሞትን ይቀንሳል ማለት ነው? ለማንም ግልጽ ይመስላል፣ ሐኪሞችም እንደዚያ ብለው ያዝዙ ነበር። ካስት የተባለው የአሜሪካ ጥናት እንኬናይድና ፍሌኬናይድ የተባሉትን ሁለት መድኃኒቶች ምንም መድኃኒት ከሌለበት አስመሳይ ክኒን ጋር አወዳደረ። እነዚህ መድኃኒቶች የምቱን መዛባት ጸጥ ያደርጋሉ፣ በዚህ ማንም አይከራከርም። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ዘገባ ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞተዋል፤ አስመሳዩን ከወሰዱት 743 ሰዎች የሞቱት 26 ናቸው። ቁጥሩ አምሯል፣ ሰው አልቋል። (ያ ንጽጽር ባይደረግ ኖሮ መድኃኒቱ እየተጻፈ ይቀጥል ነበር፣ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።)

ለምን? መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ የምንለካውን አንድ ነገር ብቻ ነክቶ አይወጣም። እነዚህ ሁለቱ በተጎዳ ልብ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክቱን ስለሚያዘገዩ ራሳቸው ገዳይ የሆነ መዛባት ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። የፋይዘሩ ቶርሴትራፒብም እንዲሁ ነው፤ «ጥሩ» የሚባለውን ኮሌስትሮል በ72 በመቶ ከፍ አደረገ፣ ግን የደም ግፊትንም ጨመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ጥናቱ የተቋረጠው መድኃኒቱን በሚወስዱት ዘንድ ሞት ስለበዛ ነው። ለአጥንት መሳሳት የተሞከረው ፍሎራይድ ደግሞ የአከርካሪ አጥንትን ጥግግት ቢጨምርም ስብራትን አልቀነሰም።

ይህ ማለት ወኪል መለኪያ ይቅር ማለት አይደለም። ለከባድ በሽታ ዓመታት መጠበቅ የማይችል ታካሚ አለ፣ ለእሱ በወኪል መለኪያ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ ፈጣን የመድኃኒት ፈቃድ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ግን ፈቃዱ ላይ «በኋላ ይረጋገጣል» የሚል ቃል አለ፣ ቃሉ መከበር አለበት። አዱካኑማብ የተባለውን የአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) መድኃኒት እንደ ምሳሌ እንይ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በጁን 2021 የፈቀደው በአንጎል ውስጥ የሚጠራቀመውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ስለቀነሰ ነው፤ የአልዛይመር ታካሚዎች የማስታወስ ችሎታ ስለመጠበቁ ግን ማስረጃው አወዛጋቢ ነበር። የተቆጣጣሪው አማካሪ ባለሙያዎች ቀደም ብለው ተቃውመውት ነበር፣ ከጸደቀ በኋላም ሦስቱ ለቀቁ። አምራቹ ባዮጅን በ2024 መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱን እንደሚያቆም አስታወቀ።