አሺዝ፦ የአምበል፣ የወርዋሪና የአሰላለፍ ሙግት

አሺዝ እንግሊዝና አውስትራሊያ በቴስት ክሪኬት የሚገናኙበት ተከታታይ ውድድር ነው። በዘመናችን አምስት ጨዋታዎች አሉት። አንዱ ጨዋታ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል፤ አንዳንዴም በአምስተኛው ቀን ማታ አሸናፊ ሳይገኝ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ክሪኬትን በአማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ይህ ዳሰሳ ደጋፊዎች ዘወትር በሚሟገቱባቸው ጉዳዮች፣ ማለትም በአምበልነት፣ በወርዋሪዎችና በአሰላለፍ ላይ ያተኩራል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። የጨዋታው መሠረት ይህ ነው፦ ወርዋሪው ኳሷን ወደ መቺው ይወረውራል፤ መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በዱላው ይከላከላል፣ ኳሷን መትቶም ነጥብ ያስቆጥራል። ኳሷ እንጨቶቹን ብትመታ፣ ወይም እሱ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ብትያዝ መቺው ይወጣል። እያንዳንዱ ቡድን በሁለት ዙር ይመታል፤ አሥር መቺ ሲወጣ ዙሩ ያበቃል።

እግር ኳስ የለመደ አንባቢ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የአምበሉን ሥልጣን ነው። የእግር ኳስ አምበል ክንዱ ላይ ጨርቅ ያስራል፣ ዕጣ ያወጣል፣ ዳኛ ያነጋግራል። የክሪኬት አምበል ግን ሜዳ ውስጥ ያለ አሠልጣኝ ነው። ማን ይወርውር፣ መቼ ይቀየር፣ ዕጣው ከወጣለት ቡድኑ አስቀድሞ ይምታ ወይስ ይወርውር የሚለውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ወርዋሪውና ከሦስቱ እንጨቶች ኋላ የሚቆመው ኳስ ያዥ ሲቀነሱ የሚቀሩት ዘጠኝ ተጫዋቾች የት የት እንደሚቆሙም ያዛል። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ዘጠኝ ሰው አይሸፍነውም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ባዶ ነው፤ ኳሷ በዚያ ባዶ ቦታ ሾልካ ስትሄድ ደግሞ ተመልካቹ ሁሉ አምበል ይሆናል። በአንዱ ውርወራና በሚቀጥለው መካከል ለሙግት የሚበቃ ጊዜ መኖሩ ነገሩን ያባብሰዋል።

ሁለቱ አገሮች የመጀመሪያውን ቴስት ያደረጉት በ1877 ሜልበርን ውስጥ ነው፤ አውስትራሊያ በ45 ነጥብ አሸነፈች። የስሙ መነሻ ግን 1882 ነው። ለንደን በሚገኘው ኦቫል ሜዳ እንግሊዝ ለማሸነፍ 85 ነጥብ ብቻ ይበቃት ነበር። አውስትራሊያዊው ወርዋሪ ፍሬድ ስፖፎርዝ በሁለቱ ዙር 14 መቺዎችን አስወጣ፤ እንግሊዝም 77 ላይ ቀረች። አንድ የለንደን ጋዜጣ የእንግሊዝ ክሪኬት መሞቱን የሚያረዳ የፌዝ መርዶ አወጣ፤ ሬሳው ተቃጥሎ አመዱ ወደ አውስትራሊያ ይሄዳል ሲል። «አሺዝ» ማለትም አመድ ማለት ነው። የእንግሊዝ አምበል አይቮ ብላይ አመዱን ለማስመለስ ቡድን ይዞ በተሻገረ ጊዜ ከስንዝር የምታንስ የሸክላ ዕቃ ተበረከተችለት። በውስጧ ያለው የተቃጠለ የክሪኬት እንጨት ነው ይባላል፤ የሴት ዓይነ ርግብ ነው የሚሉም አሉ። ዕቃዋ ለንደን ውስጥ በሎርድስ ክሪኬት ሜዳ ሙዚየም ተቀምጣለች፤ አውስትራሊያ ብታሸንፍም ከዚያ አትነቃነቅም።

ስለ አሰላለፍ የሚነሳ ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ከ1932 እስከ 1933 በአውስትራሊያ ወደተካሄደው ውድድር ነው። በ1930 ዶን ብራድማን በእንግሊዝ ሜዳዎች ላይ በአምስት ጨዋታ 974 ነጥብ ሰብስቦ ነበር። የእንግሊዝ አምበል ዳግላስ ጃርዲን ለዚህ ሰው መድኃኒት ፈለገ፤ ያገኘውም በሃሮልድ ላርውድ ክንድ ነው። ላርውድ በኖቲንግሃምሻየር ገና በ14 ዓመቱ የከሰል ማዕድን ጉድጓድ የገባ፣ ቁመቱ መካከለኛ የሆነ፣ ፍጥነቱ ግን የሚያስፈራ ወርዋሪ ነበር። ዘዴው ይህ ነው፦ ኳሷ ከመቺው ራቅ ብላ መሬት ትመታና ወደ ደረቱና ወደ ራሱ ትነሳለች፤ በእግሩ ጎን (መቺው ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም እግሮቹ ባሉበት በኩል) ደግሞ አምስት ስድስት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ተጠግተው ቆመዋል። መቺው በዱላው ቢከላከል ኳሷ ተስፈንጥራ እነሱ እጅ ትገባለች፤ ባይከላከል ገላው ይመታል። ጋዜጦች «ቦዲላይን» አሉት።

ሦስተኛው ጨዋታ በጥር 1933 አደላይድ ላይ ነበር። የላርውድ ኳስ የአውስትራሊያን አምበል ቢል ውድፉልን ከልቡ በላይ መታችው፤ ዱላውን ጥሎ ደረቱን ይዞ ተንገዳገደ። ጃርዲን «ጥሩ ወረወርህ፣ ሃሮልድ» አለ። ያች ኳስ ስትወረወር ተጫዋቾቹ የቆሙት በተለመደው አሰላለፍ ነበር፤ ይህን ብዙ ተራኪዎች ይዘሉታል። ላርውድ ቀጥሎ ሊወረውር ሲመጣ ግን ጃርዲን ሰዎቹን ወደ መቺው እግር ጎን አዛወረ፤ ሜዳው በጩኸት ተናጠ። ውድፉልም በኋላ ሊያጽናናው ለመጣው የእንግሊዝ ቡድን መሪ፣ ሜዳ ላይ ሁለት ቡድን አለ፤ ክሪኬት የሚጫወተው ግን አንዱ ብቻ ነው ሲል መለሰለት። የአውስትራሊያ ክሪኬት ቦርድ ድርጊቱ ከስፖርት ጨዋነት የራቀ ነው ብሎ ወደ ለንደን ቴሌግራም ላከ፤ ነገሩም ከሜዳ ወጥቶ የሁለት አገር ጉዳይ ሆነ።

በእንግሊዝ ቡድን ውስጥም ሁሉም አልተስማማም። ለእንግሊዝ ይጫወት የነበረው ሕንዳዊ መስፍን፣ የፓታውዲው ናዋብ፣ በመቺው እግር ጎን አልቆምም አለ። ገቢ አለን የተባለው ወርዋሪ በዚያ አሰላለፍ አልወረውርም ብሎ ጸንቶ 21 መቺ አስወጣ፤ ዘዴው ግድ አልነበረም ለሚሉት ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። የሚደግፉት በበኩላቸው ላርውድ ያስወጣቸውን 33 መቺዎችና የብራድማንን አማካይ (መቺው አንድ ጊዜ እስኪወጣ በአማካይ የሚያስቆጥረውን ነጥብ) ይጠቅሳሉ፤ የሕይወት ዘመን አማካዩ 99.94 ሲሆን በዚህ ውድድር ግን 56.57 ብቻ ነበር። እንግሊዝ 4 ለ 1 አሸነፈች።

በመጨረሻው ጨዋታ ላርውድ የእግሩ አጥንት ተሰብሮ እንኳ ብራድማን እስኪወጣ ድረስ ከሜዳ እንዳይወጣ አምበሉ ከለከለው። አሰላለፉን ያወጣው ጃርዲን ነበር፤ ይቅርታ ጠይቅ የተባለው ግን ላርውድ ሆነ። የታዘዘውን የፈጸመው ማዕድን ቆፋሪ የይቅርታውን ደብዳቤ አልፈርምም አለ፤ ዳግመኛም ለአገሩ አልተጫወተም። በ1950 ቤተሰቡን ይዞ የተሰደደው፣ ይገርማል፣ ወደ አውስትራሊያ ነው፤ ጥሩ አቀባበል አግኝቶም እስከ 1995 እዚያው ኖሮ አረፈ። ከእግር ጎን በስተኋላ የሚቆሙ ሰዎች ከሁለት እንዳይበልጡ በኋላ በሕግ ተደነገገ።

በ1956 እንግሊዛዊው ወርዋሪ ጂም ሌከር በአንድ ጨዋታ ከ20 መቺዎች 19ኙን አስወጣ።

በ1981 የእንግሊዝ አምበል ኢያን ቦተም አንዱን ጨዋታ ተሸንፎ፣ ሌላውን አቻ ወጥቶ አምበልነቱን ሲለቅ ማይክ ብሬርሊ ተተካ። ብሬርሊ በመቺነቱ ብቻ ቢለካ ቡድኑ ውስጥ ባልገባ ነበር፤ አማካዩ 23 አይሞላም። ሄዲንግሊ በተባለው የእንግሊዝ ሜዳ ላይ ቦተም 149 ነጥብ ሳይወጣ አስቆጠረ፤ አውስትራሊያ ለማሸነፍ 130 ስትፈልግ ወርዋሪው ቦብ ዊሊስ 8 መቺ አስወጥቶ እንግሊዝ በ18 ነጥብ አሸነፈች። ብሬርሊ የሠራው ትልቅ ነገር ዊሊስን ቁልቁል ወደሚሮጥበት ጫፍ ማዛወሩ ነው። ድሉ የማን ነው? ምስጋናውን ለአምበሉ የሚሰጡ ይበዛሉ፤ ስምንቱን ያስወጣው ግን ዊሊስ ነው።

በዕጣ ጉዳይ ስማቸው የሚነሳው የእንግሊዙ አምበል ናስር ሁሴንና የአውስትራሊያው አምበል ሪኪ ፖንቲንግ ናቸው። ሁሴን በ2002 ብሪስበን ላይ ዕጣው ወጥቶለት አውስትራሊያ አስቀድማ ትምታ ብሎ በመጀመሪያው ቀን ሁለት መቺ ብቻ ወጥተው 364 ነጥብ ተቆጠረበት። ፖንቲንግ በ2005 በእንግሊዙ ኤጅባስተን ሜዳ ላይ፣ ዋናው ወርዋሪው ግሌን ማግራ በማለዳ ኳስ ረግጦ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶበት ሳለ፣ ያንኑ ውሳኔ ደገመ፤ እንግሊዝ በዕለቱ 407 አስቆጥራ ጨዋታውን በ2 ነጥብ ወሰደች።

በ2023 በዚያው ኤጅባስተን የእንግሊዝ አምበል ቤን ስቶክስ፣ 141 ነጥብ የደረሰውን የአውስትራሊያ መቺ ኡስማን ኻዋጃን ለማስወጣት ስድስት ሰዎችን በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት አድርጎ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ከፊቱ አቆመ። ኻዋጃ በላያቸው ሊያሳልፍ ወደፊት ወጣ፤ የኦሊ ሮቢንሰን ኳስ ግን ከእግሩ ሥር ገብታ እንጨቶቹን መታች። ከስድስቱ አንዱም ኳሷን አልነካም። ገሚሱ ደጋፊ ያስወጣው አሰላለፉ ነው ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ ሰው ባይቆምም ያች ኳስ ታስወጣው ነበር ይላል። ጨዋታውን ያሸነፈችው አውስትራሊያ ናት።