ሳፋየርስ፦ ከኩመራጉንጃ እስከ ቬትናም የተሰሙ የአቦሪጅናል ሴቶች ድምፆች

ሳፋየርስ በ1960ዎቹ በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ከተማ የተቋቋመ የአቦሪጅናል (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ሴቶች የድምፃውያን ቡድን ነው። ስሙ በአማርኛ ሰንፔር የምንለው የከበረ ድንጋይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አባላት ሎረል ሮቢንሰን፣ ቤቨርሊ ብሪግስና ኔኦሚ ሜየርስ ሲሆኑ፣ የሎረል እህት ሎይስ ፒለር የተቀላቀሉት ለቬትናም ጉዞ ነው። አራቱም የሥጋ ዘመዳሞች፣ የዘር ሐረጋቸውም ከዮርታ ዮርታ ሕዝብ የሚመዘዝ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓለም የሚያውቃቸው በ2012 በወጣው፣ የቡድኑን ስም በያዘው ፊልም ነው። ፊልሙ አራቱንም ሴቶች አንድ ላይ ወደ ቬትናም ይልካቸዋል። የሆነው ግን ሌላ ነው፦ ሁለቱ ሄዱ፤ ሁለቱ ደግሞ ጦርነቱን ስለሚቃወሙ አንሄድም ብለው ቀሩ። ስለዚህ ቡድን የሚጽፍ ሰው ይህን ልዩነት ቢዘለው ግማሹን ታሪክ ይጥላል።

ወንዙና ሰፈሩ

የድምፃቸው መነሻ ኩመራጉንጃ ነው። ኩመራጉንጃ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ በመሬይ ወንዝ ዳርቻ ያለ የአቦሪጅናል ሰፈር ነው፤ ወንዙን ሲሻገሩ ቪክቶሪያ ግዛት ይገባሉ። ሁለቱ ግዛቶች በአቦሪጅናል ሕዝብ ላይ የሚሠሩበት ሕግ የተለያየ ስለነበር ያ ወንዝ ለነዋሪው ከውኃነት በላይ ትርጉም ነበረው። ሰፈሩ የቆመው በ1880ዎቹ፣ በአቅራቢያው ከነበረው የማሎጋ ሚሲዮን በወጡ ቤተሰቦች ነው። መጀመሪያ ላይ ቤተሰቦቹ መሬት ደርሷቸው ስንዴ ያመርቱ ነበር፤ ኋላ የግዛቱ የአቦሪጅናል ጥበቃ ቦርድ መሬቱንም ገቢውንም ከእጃቸው አወጣው። ቦርዱ በ1909 ሕግ የተጠናከረ ሲሆን፣ በ1915 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ልጅን ከወላጁ ነጥቆ የመውሰድ ሥልጣን ሰጠው።

ይህ ሥልጣን የሳፋየርስን ቤተሰብ በቀጥታ ነክቷል። የሎረልና የሎይስ አክስት ማርጋሬት ታከር በ1917 ገና በልጅነታቸው ከትምህርት ቤት ተወስደው ኩታመንድራ ወደሚባለው የሴት ልጆች ማሠልጠኛ ገቡ። የዚያ ቤት ሥልጠና ማጠብ፣ ማብሰልና ወለል መወልወል ነበር፤ ዓላማውም ለነጮች ቤት የቤት ሠራተኛ ማፍራት። ማርጋሬት ኋላ ከአቦሪጅናል መብት ተሟጋቾች ግንባር ቀደሟ ሆኑ፤ መድረክ ላይም ይዘፍኑ ነበር። ሳፋየርስ ሲቋቋም በቤቱ ውስጥ ዘፈንና ትግል አብረው ካደሩ ቆይተዋል።

በየካቲት 4 ቀን 1939 ከ150 በላይ የኩመራጉንጃ ነዋሪዎች ዕቃቸውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ምክንያታቸው የራሽኑ ማነስ፣ የቤቱ ብልሽት፣ የሥራ አስኪያጁ ማስፈራራትና ልጆቻችን ይወሰዱብናል የሚል ስጋት ነበር። ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ በቪክቶሪያ በኩል በሼፐርተንና በሙሩፕና መካከል ባለው ጎርፍ በሚያጠቃው ሜዳ ላይ በጆንያና በቆርቆሮ ጎጆ ሠርተው፣ ፍራፍሬ በመልቀምና በማሸጊያ ፋብሪካ እየሠሩ ኖሩ። ከዚያ ወደ ሜልበርን፣ በተለይ ፊትዝሮይ ወደሚባለው ሰፈር የገቡት ልጆቻቸው ናቸው በኋላ የከተማውን የአቦሪጅናል ማኅበረሰብ የመሠረቱት።

ፈርዖን በዮርታ ዮርታ ቋንቋ

ከዚህ ሰፈር የወጣ አንድ መዝሙር አለ፤ ስሙ «ቡራ ፌራ» ይባላል። ፌራ የሚለው ፈርዖን ነው። አመጣጡ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ናሽቪል፣ ነፃ ለወጡ ባሮች ከተከፈተው የፊስክ ትምህርት ቤት የወጡ ጥቁር ዘማሪዎች አውስትራሊያን ሲዞሩ በ1886 ማሎጋ ደረሱ። ከዘመሯቸው መካከል እግዚአብሔር የፈርዖንን ሠራዊት በባሕር እንዳሰጠመ የሚናገር መዝሙር ነበረበት። የሰፈሩ መምህር ቶማስ ሻድራክ ጄምስ፣ የሞሪሸስ ተወላጅ፣ መዝሙሩን ወደ ዮርታ ዮርታ እንደመለሱት ይነገራል።

ዘጸአት 15ን ለሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ የአሮን እህት ማርያም ከበሮ አንሥታ የዘመረችው ያው ታሪክ ነው። መሬቱን ለተቀማና ልጆቹን ለተነጠቀ ሕዝብ ፈርዖን ማን እንደሆነ ማንም ማብራራት አላስፈለገውም። ሕፃናቱ በራሳቸው ቋንቋ እንዳይናገሩ በሚከለከሉበት ዘመን፣ መዝሙር ስለነበር ብቻ በአደባባይ በዮርታ ዮርታ ሊባል ቻለ። በተጨማሪም ልጆቹን በተለያየ ድምፅ ተከፋፍሎ መዘመርን አስተማራቸው፤ ይህ ደግሞ ለኋለኛው ትውልድ ሙያ ሆነ።

ከእነሱ በፊት የነበሩት

ሳፋየርስ የመጀመሪያዎቹ አልነበሩም። ከኬርንስ ከተማ የመጡት ደልሲ ፒት፣ በመድረክ ስማቸው ጆርጂያ ሊ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእህቶቻቸው ጋር ሃርመኒ ሲስተርስ በሚል ስም ለወታደሮች ዘፍነዋል። በ1950ዎቹ እንግሊዝ ሄደው ሠሩ፤ በ1962 ደግሞ የብሉዝ አልበም አሳተሙ። በአንድ የአቦሪጅናልና የቶረስ ሰርጥ ደሴቶች ተወላጅ ሴት የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ አልበም ተብሎ ይጠቀሳል። የጦር ሠፈር መድረክ ለእነዚህ ሴቶች በር የከፈተበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ወታደሩ መዝናኛ ይፈልጋል፣ የሲቪሉ አዳራሽ የሚያነሣው የቀለም ጥያቄ እዚያ ይላላል። መድረኩ ላይ የሚጨበጨብላት ሴት ግን ከጦር ሠፈሩ ስትወጣ ሆቴል ልትከለከል ትችል ነበር።

ክልከላው የወሬ ጉዳይ አይደለም። በኒው ሳውዝ ዌልስ ለአቦሪጅናል ሰው መጠጥ መሸጥ እስከ 1963 ድረስ በሕግ ወንጀል ነበር። በ1965 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቻርልስ ፐርኪንስ መሪነት በአውቶቡስ ገጠሩን ሲዞሩ፣ በዋልገት ከተማ የቀድሞ ወታደሮች ክበብ ለአገራቸው የተዋጉ አቦሪጅናል ዘማቾችን እንደማያስገባ፣ በሞሪ ከተማ ደግሞ የሕዝብ መዋኛው ለአቦሪጅናል ልጆች ዝግ እንደሆነ አጋለጡ።

ሜልበርን፣ ሦስት ድምፅ

ቡድኑ በሆቴሎች፣ በመጠጥ ቤቶች፣ በካባሬዎች፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በጦር ካምፖች ይዘፍን ነበር። የገበያውን መከፈት ለመረዳት አንድ ሕግ ማወቅ ይበቃል። ቪክቶሪያ ውስጥ መጠጥ ቤቶች እስከ 1966 መጀመሪያ ድረስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጉ ነበር፤ ሰዓቱ ወደ ምሽቱ 4 ሲራዘም ባለቤቶች ደንበኛውን የሚያቆዩበት የምሽት ሙዚቃ ፈለጉ። ለወጣት ድምፃውያን ሥራ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

የዘፈኑ ዓይነት ከአሜሪካ የመጣው፣ ሶል የሚባለው የጥቁሮች ሙዚቃ ነበር። በእኛ ሀገር ዘፈን ተቀባዮች በአብዛኛው የአውራውን ዜማ ራሱን ይደግማሉ። በሶል የሴቶች ቡድን ግን አንዷ ዜማውን ስትይዝ ሁለቱ ሌሎች ኖታዎችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዜማው በላይና በታች ይይዛሉ፤ ሦስቱ ተደምረው አንድ ኮርድ፣ ማለትም የተዋሃደ ድምፅ፣ ይሆናሉ። ችግሩ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው የመካከለኛውን ድምፅ የያዘችው ሳታውቀው ወደ ዋናው ዜማ መሳቧ ነው፤ ያኔ ሦስት ድምፅ ሁለት ይሆናል። ሁለተኛው አናባቢ ነው፦ አንዷ «አ» ሌላዋ ወደ «ኧ» ካደላች ኖታው ትክክል ሆኖም ይሻክራል። ሦስተኛው መጨረሻ ላይ ነው፤ በ«ስ» የሚያልቅ ቃል ሦስት ጊዜ ከተሰማ አድማጩ ወዲያው ያውቃል። ለዚህ ሲባል ልምምድ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ፣ ዝግ ባለ ፍጥነት፣ የትንፋሽ መውሰጃው እየተስማማ ይሠራል። ዘመዳሞች በዚህ ይታደላሉ፤ የአነጋገር ለዛቸውና የድምፅ ቅርጻቸው ከልጅነት አንድ ላይ ያደገ ነውና። በማሎጋና በኩመራጉንጃ የተጀመረው የመዝሙር ልማድም ሥራውን ግማሽ ጨርሶ ነበር።

ግንቦት 27 ቀን 1967 አውስትራሊያ ሕዝበ ውሳኔ አደረገች፤ ከመቶ 90.77 የሚሆነው መራጭ አዎ አለ። ይህ ቀን አቦሪጅናሎች የመምረጥ መብት ያገኙበት ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ ትክክል አይደለም፤ በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ መብታቸው በ1962 ተረጋግጧል። ሕዝበ ውሳኔው የለወጠው በሕዝብ ቆጠራ ውስጥ እንዲደመሩና ማዕከላዊው መንግሥት ስለ እነሱ ሕግ እንዲያወጣ ነው። የቬትናሙ ጥሪ የመጣው በዚህ ሰሞን ነበር።

ጥሪው

አውስትራሊያ በቬትናም ወደ 60,000 ሰዎች አዝምታ ከ500 በላይ ሞተውባታል። የ20 ዓመት ወጣቶች በዕጣ ይመለመሉ ነበር። አቦሪጅናሎች ከግዴታ ምልመላው ነፃ ቢሆኑም በፈቃዳቸው የዘመቱ ነበሩ። ጦርነቱ አገሩን ከሁለት ከፍሎታል።

ግብዣው ሲደርስ ኔኦሚና ቤቨርሊ ጦርነቱን የሚቃወሙ ስለነበሩ አልተቀበሉም። ሎረል ግን ሄዱ፤ እህታቸውን ሎይስን አስከትለው ለአንድ የማኦሪ (የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ) ባንድ ተቀባይ ሆነው ዘፈኑ። በእነሱ ደረጃ ላሉ ወጣቶች ይህ ትንሽ ዕድል አልነበረም፦ ውጭ አገር ማየት፣ ደመወዝ፣ ከማኦሪ ሙዚቀኞች ጋር መሥራት። እምቢ ያሉትም ዋጋ ከፍለዋል፤ በሥራ ገበያው ላይ ዳግም የማይገኝ ዕድል ትተዋል። አንዱን ጀግና ሌላውን ፈሪ፣ ወይም አንዱን አስተዋይ ሌላውን የዋህ ማድረግ ለሁለቱም ፍትሕ አይሆንም።

በቬትናም የመዝናኛ ሥራ በሁለት መንገድ ይሄድ ነበር። አንደኛው በመንግሥት የሚላክ ነው፤ ሊትል ፓቲ የተባለችው የ17 ዓመት ዘፋኝና ኮል ጆይ ነሐሴ 18 ቀን 1966 በኑይ ዳት የአውስትራሊያ ጦር ሠፈር ሲዘፍኑ፣ የሎንግ ታን ውጊያ በአቅራቢያው ተጀምሮ መድረኩ ተቋርጧል። ሁለተኛው የንግድ ሥራ ነው። የአሜሪካ ጦር ሠፈሮች ለተራ ወታደር፣ ለበታች ሹምና ለመኮንን የተለያዩ ክበቦች ነበሯቸው፤ እያንዳንዱ ክበብ ከመጠጥ ሽያጩ ገንዘብ አውጥቶ ከወኪሎች ዝግጅት ይገዛል። ባንዶች በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ክበብ ይዞሩ፣ በጭነት መኪና፣ በሄሊኮፕተርና በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ይጓጓዙ ነበር። ሥርዓቱ ለጉቦ የተመቸ ነበር፦ የክበቡ ኃላፊ ከወኪሉ ድርሻ ይጠይቃል፣ ወኪሉ ደግሞ ከዘፋኙ ክፍያ ይቆርጣል። ጉዳዩ በ1969 እስከ አሜሪካ ሴኔት ምርመራ ደርሷል።

አደጋው እውነተኛ ነበር። ሐምሌ 20 ቀን 1969 ካቲ ዌይን የተባለች የ19 ዓመት አውስትራሊያዊት ዘፋኝ ዳ ናንግ አጠገብ በአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ክበብ መድረክ ላይ ሳለች በጥይት ተገድላለች።

ዘረኝነቱም ባሕር ተሻግሮ ይጠብቃቸው ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ከተገደሉ በኋላ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የጥቁርና የነጭ ወታደር መቃቃር ከረረ፤ የባሪያ አሳዳሪዎቹን የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ የሰቀሉ ነጭ ወታደሮች ነበሩ። በክበቦቹ ሶል ይጫወት ወይስ ነጮቹ የሚወዱት ካንትሪ የሚለው ራሱ ጠብ ያስነሣ ነበር። ጥቁር ወታደር ሶል ሲሰማ ቤቱን ያስታውሳል። በዚያ መድረክ ላይ ሶል የሚዘፍኑ አቦሪጅናል ሴቶች መቆማቸው ስለዚህ ከሙዚቃ ምርጫ ያለፈ ነበር።

ከዘፈን በኋላ

በእኔ ግምት የእነዚህ ሴቶች ትልቁ ሥራ ማይክሮፎኑን ካስቀመጡ በኋላ የመጣው ነው። በ1971 በሲድኒ ሬድፈርን ሰፈር የአቦሪጅናል ሕክምና አገልግሎት ተከፈተ፤ በአቦሪጅናል ማኅበረሰብ የሚተዳደር የመጀመሪያው የጤና ተቋም ነው። ሰው ሆስፒታል ሄዶ ስለሚንቋሸሽ ሳይታከም ይቀር ነበርና፣ መፍትሔው ነፃ የሆነ፣ በራስ ወገን የሚመራ ክሊኒክ ነበር። ኔኦሚ ሜየርስ ይህን ተቋም ከ30 ዓመት በላይ መርተዋል። የሎረልና የሎይስ እህት ሂሉስ ማሪስ በ1983 ዎራዋ የተባለውን የአቦሪጅናል ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ኋላ በሂልስቪል ከተማ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት የሆነ ሲሆን፣ ሎይስ ፒለር ለረጅም ዓመታት መርተውታል። ሎይስ ከዚያ በፊት በሞዴልነትም ሠርተዋል።

ታሪኩ ወደ መድረክ የተመለሰው በሎረል ልጅ በቶኒ ብሪግስ ነው። በ2004 በሜልበርን ቲያትር ቀረበ፤ በ2012 በዌይን ብሌር ዳይሬክተርነት ፊልም ሆኖ ካን ፌስቲቫል ላይ ታየ። የፊልሙ አየርላንዳዊ ሥራ አስኪያጅ የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ነው። ቡራ ፌራ ግን በፊልሙ ውስጥ ይዘመራል፤ ብዙ የውጭ ተመልካች የዮርታ ዮርታን ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በዚያ ነው።

በ2013 የፊልሙ የአሜሪካ ዲቪዲ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ነጩ ተዋናይ ከፊት በሙሉ ቀለም ሲታይ፣ አራቱ ሴቶች ከኋላው በሰማያዊ ጥላ ደብዝዘው ነበር። እውነተኞቹ ሳፋየርስ ለአሜሪካ የጥቁሮች መብት ድርጅት ደብዳቤ ጻፉ፤ አከፋፋዩም ይቅርታ ጠየቀ።