የሕዝብ ጣቢያ፣ የነጋዴ ወንበር፦ ንግድ በሕዝብ ብሮድካስት አመራር ላይ ያለው ተጽዕኖ

የሕዝብ ብሮድካስት የሚባለው ለትርፍ ሳይሆን ለአገልግሎት የቆመ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነው። የመንግሥት አፍ መሆን የለበትም፤ የነጋዴም ሱቅ መሆን የለበትም። ስለ መንግሥት ጫና ብዙ ይባላል። የንግዱ ጫና ግን ኮቴውን አጥፍቶ ነው የሚገባው። ማስታወቂያማ ፊት ለፊት ይታያል፤ ያልፈለገ ሪሞቱን አንስቶ ይቀይራል። ከባዱ ነገር ያለው ወንበሩ ላይ ነው። አለቃውን ማን ይሾማል? ከየት መጣ? ሲወርድስ ማን ቤት ይገባል?

ነገሩ ከጥንስሱ የነበረ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1922 ሲቋቋም የሬዲዮ መሣሪያ አምራቾች ኩባንያ ነበር። ሬዲዮ እንዲሸጥ ገዢው የሚያዳምጠው ነገር ያስፈልገዋል። በ1927 መግቢያ ላይ በንጉሣዊ ቻርተር የሕዝብ ተቋም ሆነ። ኩባንያውን ይመሩ የነበሩት ጆን ሪዝም የአዲሱ ተቋም የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። ባለቤቱ ተቀየረ፤ ከገንዘቡ ዓለም ጋር ያለው ዝምድና ግን አልተቆረጠም። በ2021 የቦርድ ሰብሳቢ የሆኑት ሪቻርድ ሻርፕ ከ20 ዓመት በላይ ጎልድማን ሳክስ ባንክ ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው። ሻርፕ ለሹመቱ ባመለከቱበት ሰሞን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን እስከ 800,000 ፓውንድ ብድር እንዲያገኙ ሊረዳ የሚችል ሰው ከመንግሥት ባለሥልጣን ጋር ለማገናኘት ሞክረው ነበር። ይህን ለመራጩ ኮሚቴ አልተናገሩም። ነገሩ ሲወጣ ተመረመረ፤ በ2023 ለቀቁ።

የጃፓኑ ኤንኤችኬ ጉዳይ ይለያል። በ2008 ሠራተኞቹ ገና ያልተሰራጨ ዜና ቀድመው አይተው አክሲዮን ሲገዙ ተያዙ። በዚያው ሰሞን አስቀድሞ የተመረጠ ፕሬዚዳንት ከውጭ መጣ፤ የአሳሂ ቢራ ሰው። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ከባቡር ኩባንያ፣ ከንግድ ድርጅቶቹ ሚትሱይና ሚትሱቢሺ፣ ከሚዙሆ ባንክ፣ በ2023 ደግሞ ከጃፓን ማዕከላዊ ባንክ። ስድስት ፕሬዚዳንቶች በተከታታይ ከውጭ ማለት ነው፤ አንዳቸውም ጋዜጠኛ አልነበሩም። የሚመርጣቸው 12 አባላት ያሉት ቦርድ ሲሆን 9 ድምፅ ያስፈልጋል። የቦርዱን አባላት የሚሾመው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ ፓርላማው ያጸድቃል። ከሚትሱይ የመጡት ካትሱቶ ሞሚ በ2014 ሥራ በጀመሩ ሰሞን ስለ ውጭ ስርጭቱ ሲጠየቁ፣ መንግሥት ቀኝ ሲል እኛ ግራ ማለት አንችልም የሚል መልስ ሰጡ። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ነጋዴ መሆን ጥፋት አይደለም፤ ለትልቅ ቤት በጀት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ችግሩ ደንበኛን አለማስቀየም የለመደ ሰው ዜና ቤት ሲገባ ያን ልማድ ይዞ መግባቱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ለጋሽ ቦርድ ላይ ይቀመጣል። ቢሊየነሩ ዴቪድ ኮክ የኒውዮርኩ የሕዝብ ጣቢያ ደብልዩኔት የቦርድ አባል ነበሩ። በ2012 የሀብት ልዩነትን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ሊተላለፍ ሆነ፤ በፊልሙ ከሚነሱት ባለጸጎች አንዱ እሳቸው ናቸው። የጣቢያው ፕሬዚዳንት አስቀድመው ደውለው ነገሯቸው፤ ምላሽ የመስጠት ዕድልም አቀረቡላቸው። ፊልሙ ታየ። በዓመቱ ኮክ ከቦርዱ ወጡ። ለሳቸው ነገሩ ባጎረስኩ ተነከስኩ ሳይሆንባቸው አልቀረም። ግን በዚያ ፊልም ውስጥ ለታየ ተራ ሰው ማን ስልክ ይደውልለታል?

በቅርብ ጊዜ ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየው አየርላንድ ነው። የሕዝብ ጣቢያው አርቲኢ ሁለት ኪስ አለው፤ በዓመት 160 ዩሮ የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያና የማስታወቂያ ገቢ። በ2023 አንድ ታዋቂ አቅራቢ ከ2017 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት በይፋ ከተነገረው ሌላ 345,000 ዩሮ ተጨማሪ ተከፍሎት መገኘቱ ታወቀ። ከዚህ ውስጥ 150,000 ዩሮው በሁለት ጊዜ ያለፈው “ባርተር አካውንት” በሚባል መንገድ ነው፤ ጣቢያው የማስታወቂያ ሰዓት ሰጥቶ ዕቃና አገልግሎት የሚለዋወጥበት ሂሳብ ነው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው “የማማከር ክፍያ” የሚል ነበር። ከዚሁ ሂሳብ ለማስታወቂያ ደንበኞች ግብዣ በጠቅላላው 4,956 ዩሮ የሚያወጡ ነጠላ ጫማዎች ተገዝተዋል። የባሕር ዳርቻ ነጠላ ጫማ! ከንግድ ቴሌቪዥን ኩባንያው ዲስከቨሪ የመጡት ዋና ዳይሬክተር ዲ ፎርብስ ለቀቁ፤ አለቆቹ ፓርላማ እየቀረቡ ተጠየቁ። ብዙ ቤተሰብም ፈቃዱን ማደስ ተወ። ሰው የተናደደው በገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም። የሱ ጣቢያ ከሱ የሚደብቀው ኪስ ስላለው ነው።

መፍትሔውም ቀላል አይደለም። ፈረንሳይ በ2009 ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ማስታወቂያን ከሕዝብ ጣቢያዎች አስወጣች። በዚያው ማሻሻያ የፍራንስ ቴሌቪዥን አለቃን የሚሾመው የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። ነጋዴው በፊት ለፊት ወጣ፣ ፖለቲከኛው በጓሮ ገባ። ሹመቱ ወደ ተቆጣጣሪው አካል የተመለሰው በ2013 ነው።

እኔ ወደ ጀርመኖቹ አደላለሁ። የሕዝብ ቴሌቪዥናቸው የዜድዲኤፍ ምክር ቤት 60 አባላት አሉት፤ ከአብያተ ክርስቲያናት፣ ከሠራተኛ ማኅበራት፣ ከአካባቢ ጥበቃ ቡድኖችና ከሌሎችም። በ2014 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ከመንግሥትና ከፓርቲ የሚመጡት ከሲሶ እንዳይበልጡ ወሰነ። ዋና ዳይሬክተሩ ከአምስት ሦስት እጅ ድምፅ ይፈልጋል። አሠሪዎችም እዚያ ወንበር አላቸው፤ ስማቸው ተጽፎ፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ።