ሄፓቶስፕሊኖሜጋሊ ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ ትኩሳቱ አልለቅ አለው። ሆዱም በግራ በኩል ተቆዘረ። ጎንደር መጥቶ ሲታይ ካርዱ ላይ አንድ ቃል ሰፈረ፤ ሄፓቶስፕሊኖሜጋሊ። ሳነብላት አክስቴ ክው አለች። «ይሄ ሁሉ በሽታ ነው ያለበት?»

ኧረ የለም። ቃሉ የበሽታ ስም እንኳ አይደለም። ሐኪሙ ሆዱን ሲዳስስ ያገኘውን ነው የጻፈው። «ሄፓት» ጉበት፣ «ስፕሊን» ጣፊያ፣ «ሜጋሊ» መተለቅ። ሦስቱም ሥረ መሠረታቸው ግሪክ ነው። «ሜጋ»ን እንኳ ከሜጋባይት እናውቃታለን። ጉበትና ጣፊያ አብጠዋል ማለት ነው፣ በቃ።

መሀል መሀል የገባችው «ኦ»ስ? ማያያዣ ናት። እኛም አለችን። «ቤት» ከ«መንግሥት» ሲጋጠም «ቤተ መንግሥት»፣ «ሆድ» ከ«ሰፊ» ሲጋጠም «ሆደ ሰፊ» እንላለን። የእኛ «ኧ» የምትሠራውን የእነሱ «ኦ» ትሠራለች። ቀጣዩ ቁራጭ በአናባቢ ከጀመረ ግን ትወድቃለች። የጉበት ብግነት «ሄፓታይተስ» የተባለው ለዚህ ነው።

ወደ አነባበቡ እንምጣ። በእንግሊዝኛ 8 ቀለም አለው፦ ሄ-ፓ-ቶ-ስፕሊ-ኖ-ሜ-ጋ-ሊ። ጠበቅ የሚደረገው «ሜ» ላይ ነው። በእኛ ፊደል ግን 10 ሆኖ ይጻፋል፤ «ስ» እና «ፕ» ለየብቻ ይቆማሉ። አስቸጋሪዋም እሷው «ስፕሊ» ናት። ቃል እንዲህ ሲጀምር አፋችን «እ» ማስቀደም ይወዳል፤ «እስፖርት» እንደምንለው። እዚህ ግን ከፊቷ «ቶ» አለችላት። «ቶስ-ፕሊ» ብሎ መክፈል ነው። የሚገርመው፣ ከ«ስፕሊን» ይልቅ ረጅሙ ቃል ለአፋችን ይቀላል።

ጤነኛ ጣፊያ ከግራ ጎድን ሥር ተሸሽጎ ስለሚኖር አብዛኛውን ጊዜ በእጅ አይገኝም። ሲያብጥ ግን በሽተኛው አየር ሲስብ ወርዶ የሐኪሙን ጣት ይነካል። ለምን አበጠ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ወባም ያሳብጠዋል። ከመተማና ከሁመራ በረሃ ለመጣ ሰው ደግሞ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላ አዛር ቶሎ ይጠረጠራል። የልጁም እሱ ሆኖ ተገኘ።

በሌላ ቀን ካርዱ ላይ «ፓንሳይቶፔኒያ» ተጨመረ። ፓን ሁሉ፣ ሳይት ሕዋስ፣ ፔኒያ ማነስ፤ የደም ሕዋሳቱ ሁሉም ቀንሰዋል። አክስቴ ይህን ጊዜ አልደነገጠችም።

«ቆይ፣ ‹ኦ›ዋ የታለች?» አለችኝ።