የአትክልትና የቅመማ ቅመም የጤና ጥቅም

አትክልት ለጤና የሚሰጠው ጥቅም በአብዛኛው የተረጋገጠ ነው፤ በቅመማ ቅመም በኩል ግን ዝናው ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል። ልዩነቱ በከፊል የመጠን ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል፤ ድንችና መሰል ስታርች የሚበዛባቸው በዚህ ስሌት አይገቡም። ቅመም ወደ ድስት የሚገባው በቁንጥጫና በማንኪያ ስለሆነ ለአንድ ተመጋቢ የሚደርሰው ከጥቂት ግራም አያልፍም።

ሁለቱም ለመድኃኒትነት የዋሉት ከጥንት ጀምሮ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው ኤበርስ ፓፒረስ የተባለ የግብጾች የሕክምና ጽሑፍ ነጭ ሽንኩርትን ይጠቅሳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሪያ፣ በርበሬና ቫይታሚን ሲ

በረጅም የባሕር ጉዞ ላይ የሚውሉ መርከበኞች ድዳቸው እየደማ፣ ጥርሳቸው እየረገፈ፣ የዳነ ቁስላቸው ሳይቀር እንደገና እየተከፈተ ይሞቱ ነበር። በሽታው ስከርቪ ይባላል። የብሪታንያ ባሕር ኃይል ሐኪም ጄምስ ሊንድ በ1747 ሶልዝበሪ በተባለች መርከብ ላይ 12 ሕሙማንን ሁለት ሁለት አድርጎ ለየብቻ የተለያየ ነገር ሰጣቸው፤ ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ከሁሉም ቀድመው አገገሙ። በ1768 ጉዞ የጀመረው ካፒቴን ጄምስ ኩክ ደግሞ የተብላላ ጥቅል ጎመን ጭኖ ነበር። መርከበኞቹ አንበላም ሲሉ አላስገደዳቸውም። በየቀኑ ለመኮንኖች ማዕድ እንዲቀርብ አደረገ፤ አለቆቹ ሲበሉት ያዩትም ተሻሙበት።

በጎመኑና በሎሚው ውስጥ ያለው ፈዋሽ ነገር ቫይታሚን ሲ መሆኑ የታወቀው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ለዚህም ዋናው ባለውለታ ቃሪያ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጆርጂ ንጥረ ነገሩን አስቀድሞ ከእንስሳት ዕጢ ያወጣው ቢሆንም መጠኑ ለምርምር የማይበቃ ሆኖበት ነበር። ራሱ እንደተረከው አንድ ማታ ባለቤቱ ቀይ ቃሪያ አቀረበችለት። መብላት ስላላሰኘው ወደ ቤተ ሙከራው ይዞት ሄደ፤ በቫይታሚን ሲ የተሞላ ሆኖ አገኘው። ከዚያ በኋላ በኪሎ የሚመዘን ቫይታሚን ማውጣት ተቻለ፣ በ1937ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አሜሪካዊው ቻርልስ ኪንግ ከሎሚ አውጥቶ ቀድሞ ያሳተመው እሱ እንደሆነ የሚከራከሩ አሉ። የኖቤል ኮሚቴው ግን ኪንግን አልሸለመም።

100 ግራም ጥሬ ቀይ ጣፋጭ ቃሪያ 130 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ ሲይዝ፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ብርቱካን 50 ገደማ ነው የሚይዘው። የአዋቂ የቀን ፍላጎት ከ75 እስከ 90 ሚሊ ግራም ስለሆነ አንድ መካከለኛ ቃሪያ ይሸፍነዋል። ቫይታሚኑ ሙቀትና አየር አይችልም። ስለዚህ ደርቆ የተፈጨ በርበሬ ከትኩሱ ቃሪያ አብዛኛውን ቫይታሚን አጥቷል፤ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ግን እንዳለ ነው።

ካፕሳይሲን በእርግጥ አያቃጥልም። ከባድ ሙቀትን ለአንጎል የሚያሳውቀውን የነርቭ ተቀባይ ስለሚያነቃ ሰውነት እሳት የነካው ይመስለዋል። ተቀባዩን በ1997 ለይቶ ያሳወቀው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል። ይኸው ባሕርይ ለሕክምናም ጠቅሟል፦ ካፕሳይሲን ያለበት ቅባትና ልጥፍ ለነርቭ ሕመም ማስታገሻነት ይታዘዛል። ሚጥሚጣ የነካው እጅ በውኃ ብቻ ሲታጠብ የማይተወው ካፕሳይሲን የሚሟሟው በቅባት ስለሆነ ነው። በዘይት አሽቶ በሳሙና ማጠብ ይሻላል፤ ለአፍ ደግሞ ወተት።

በርበሬ የጨጓራ ቁስለት ያመጣል የሚለው ክስ ብዙም አልጸናም። ዋነኞቹ መንስኤዎች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ሆኖም የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ የሚመለስባቸው ሰዎች በርበሬ ሊያባብስባቸው ይችላል።

ካሮትና ቅጠላ ቅጠል

የካሮት ብርቱካናማ ቀለም ቤታ ካሮቲን ሲሆን ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። በቫይታሚን ኤ እጥረት ማታ ማየት የተሳነው ሰው ሲያገኘው ይድናል፤ እጥረት የሌለበት ግን ካሮት በመብላት ዓይኑ አይሰላም። ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት በደንብ ስለማይሰርጽ በዘይት የበሰለ ካሮት ከጥሬው የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትምህርት ሰጪ ጥናት አለ። በፊንላንድ ከ29,000 በላይ በሚሆኑ አጫሽ ወንዶች ላይ የተደረገውና በ1994 የታተመው ሙከራ ቤታ ካሮቲንን በእንክብል የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ18 በመቶ ጨምሮ አገኘው። በአሜሪካ የተደረገ ተመሳሳይ ሙከራም ጉዳት ስላሳየ በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋርጧል። በሳህን የቀረበ ካሮት ግን እንዲህ ያለ ክስ ቀርቦበት አያውቅም።

ቆስጣ፣ ጎመንና ሌሎች ቅጠሎች ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን ይሰጣሉ። ፎሌት በእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት የፅንሱ አከርካሪና አንጎል በትክክል እንዲዘጋ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ሐኪሞች በቅጠሉ ብቻ ሳይተማመኑ ለማርገዝ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ (በእንክብል የሚዘጋጅ ፎሌት) እንድትወስድ ያዝዛሉ። በቅጠሎች ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት በቀላሉ አይወሰድም። ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ አብሮ ሲበላ ይሻሻላል።

ነጭ ሽንኩርት

ያልተነካ ፍሬ ሽታው እምብዛም ነው። ሲደቀቅ ተለያይተው የነበሩ አሊን የተባለ ንጥረ ነገርና አሊኔዝ የተባለ ኤንዛይም ይገናኙና አሊሲን ይፈጠራል፤ ሽታውም ባክቴሪያ የመግደል አቅሙም ከዚያ ነው። ሙቀት ኤንዛይሙን ስለሚያከሽፈው እንደደቀቀ ዘይት ላይ ከመጣል 10 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይመረጣል። የደም ግፊት ላለባቸው መጠነኛ ቅነሳ እንደሚያሳይ የሚጠቁሙ ሙከራዎች አሉ። ስለ ኮሌስትሮል ግን በ2007 በ192 ሰዎች ላይ የወጣ የስታንፎርድ ጥናት፣ ጥሬውም ሆነ እንክብሉ በስድስት ወር ውስጥ ለውጥ አለማምጣቱን አሳይቷል።

ሌሎች ቅመሞች

ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ፣ በተለይም ለእርግዝና ማቅለሽለሽ፣ ከቅመሞች ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነው። የቅርንፉድ ዘይት የያዘው ዩጂኖል በጥርስ ሐኪሞች ዘንድ እስካሁን ያገለግላል። እርድ ግን ብዙ ተብሎለታል፦ ጥቅሙን ይሰጣል የሚባለው ኩርኩሚን ከእርድ ክብደት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውም እጅግ ጥቂት ነው። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፓይፐሪን ይህን እንደሚያሻሽል በ1998 ታይቷል፤ ነገር ግን እንዲህ የተዘጋጁ ጠንካራ እንክብሎች በአንዳንድ ሰዎች ጉበት ላይ ጉዳት አድርሰዋል።

ጥንቃቄ

ካሲያ የሚባለው የቀረፋ ዓይነት ኩማሪን ስላለው በየቀኑ በብዛት መውሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ቢጫነቱን ለማድመቅ ሊድ ክሮሜት የተባለ እርሳስ ያለበት ቀለም የተቀላቀለበት እርድም ተገኝቷል። የነጭ ሽንኩርት እንክብል ሳኪናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ በጎመንና በቆስጣ የሚበዛው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚቃወም ቅጠሉን መተው ሳይሆን ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ መጠን መብላት ይመከራሉ፤ አመጋገባቸውን ሲቀይሩም ለሐኪማቸው መንገር አለባቸው።