«ወለሉ ስንት ነው?» የኤንኤፍቲ ዋጋ ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ፕሪንት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ጥገና። ሰሞኑን ግን ሌላ ሥራ ተጨምሮብኛል። ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» ይሉኛል። ስክሪኑ ላይ የኤንኤፍቲ ስብስቦችን ገበያ የሚያሳይ መሣሪያ ተከፍቷል። የስብስቡን ስም ትጽፋለህ፤ እሱ ዝቅተኛውን ዋጋ፣ የሽያጩን መጠን፣ የባለቤቶቹን ብዛት ይዘረግፍልሃል። መሣሪያው ራሱ እንከን የለበትም። ችግሩ አነባበባችን ላይ ነው።

ለማያውቀው፣ ኤንኤፍቲ ብሎክቼን ላይ፣ ማለትም በብዙ ኮምፒውተሮች በሚያዝ የጋራ ዲጂታል መዝገብ ላይ፣ የተመዘገበ የባለቤትነት ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሥዕል ጋር ይያያዛል። ስብስብ የሚባለው በአንድ ስም የወጡት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ክሪፕቶፓንክስ ለምሳሌ 10,000 ሥዕል አለው።

«ፍሎር ፕራይሱ የኔ ሥዕል ዋጋ ነው»

አይደለም። ዋናው ስህተት ይሄ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ፍሎር ፕራይስ፣ ማለትም ወለሉ፣ ለሽያጭ ከቀረቡት ውስጥ የርካሹ የጥሪ ዋጋ ነው። ለፋሲካ ሰሞን በግ ተራ ውጣ። የመንዝ በግ ከዳር እስከ ዳር ቆሟል። አንዱ ሰውዬ ጥግ ላይ ከሲታ በጉን ይዞ ዋጋ ጠራ። ከሱ በታች የጠራ የለም። ወለሉ ያ ነው። ልብ በል፣ ገዢ ገና አልመጣም። ሰውዬው ማታ በጉን እየነዳ ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል። ድንገት ከሸጠ ደግሞ ወለሉ ወደሚቀጥለው ርካሽ በግ ይዘላል። ያን ቀን የማንም በግ አልሰባም፤ ቁጥሩ ግን «ጨመረ» ይላል።

የገዢውን ወገን ማየት ከፈለግህ ከፍተኛው ኦፈር፣ ማለትም ገዢ እሰጣለሁ ያለው ትልቁ ዋጋ፣ የሚለውን ፈልግ። አሁን ብሸጥ ምን እጄ ይገባል ለሚለው የሚቀርበው እሱ ነው። ከሱም ላይ የገበያው ኮሚሽን ይቀነሳል። የጥሪና የኦፈር ርቀት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ለማየት ከትዊተር መሥራቾች አንዱ የሆነውን የጃክ ዶርሲን የመጀመሪያ ትዊት አስታውስ። ትዊቱ ኤንኤፍቲ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በ2.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ገዢው በዓመቱ 48 ሚሊዮን ጠራበት። ጨረታው ሲዘጋ ከፍተኛው ኦፈር 280 ዶላር ገደማ ነበር።

«ማርኬት ካፑ ያን ያህል ሚሊዮን ከሆነ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ገብቶበታል»

ማርኬት ካፕ የሚሉት የስብስቡን ጠቅላላ ዋጋ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ግን ወለሉን በሥዕሎቹ ብዛት አባዝተው ነው። የከሲታውን በግ ጥሪ በሰሜን ሸዋ በግ ሁሉ እንደማባዛት ቁጠረው።

«ቮልዩሙ ትልቅ ከሆነ ገበያው ደርቷል»

ቮልዩም የተሸጠው ሁሉ በገንዘብ ሲደመር ነው። እዚህ ላይ ብልጦች አሉ። አንድ ሰው ሁለት ዋሌት፣ ማለትም ኤንኤፍቲና ዲጂታል ገንዘብ የሚያዝበት ቦርሳ፣ ይከፍታል። ከግራ ኪሱ ይሸጣል፣ በቀኝ ኪሱ ይገዛል። ሥዕሉ ከቤቱ አልወጣም፤ ቮልዩሙ ግን አበጠ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ክሪፕቶፓንክ ቁጥር 9998 በ124,457 ኢተር (ኢተሪየም የተባለው ብሎክቼን ገንዘብ)፣ ማለትም በ532 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ «ተሸጠ» ተባለ። ገንዘቡ ብድር ነበር። ወዲያው ለአበዳሪዎቹ ተመለሰ፣ ሥዕሉም ለባለቤቱ። በቀጣዩ ጥር ሥራ የጀመረው ሉክስሬር የተባለ ገበያ ደግሞ በቮልዩም ልክ ቶከን፣ ማለትም የራሱን ዲጂታል ሳንቲም፣ ይሸልም ነበር። ሽልማት ካለ ማን ይተኛል? ከራሱ ጋር የሚገበያየው በዛ።

እኔ ከቮልዩም ይልቅ የሽያጩን ብዛትና የመጨረሻውን ሽያጭ ቀን ነው የማየው። ተመሳሳይ ሁለት ዋሌቶች እየተቀባበሉ ከሆነ የግብይት ዝርዝሩ ራሱ ያጋልጣቸዋል።

«3,000 ባለቤት አለው»

3,000 ዋሌት አለው። ሰው ስንት እንደሆነ መሣሪያው አያውቅም።

«ስሙ አንድ ከሆነ ስብስቡ አንድ ነው»

ስም ማንም ይጽፋል። ኦፕንሲ የተባለው ትልቅ ገበያ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2022፣ ኤንኤፍቲ በነፃ በሚሠራበት መሣሪያው ከተሠሩት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የተሰረቀ ሥራ፣ የውሸት ስብስብና ቆሻሻ እንደሆኑ ተናግሯል። ስለዚህ በስም ሳይሆን በኮንትራት አድራሻ፣ ማለትም ስብስቡ ብሎክቼን ላይ በተመዘገበበት መለያ፣ ፈልግ። ኢተሪየም ላይ 42 ፊደልና ቁጥር ነው። የመጨረሻዎቹን አራት ብቻ አይቶ ማለፍ አያዋጣም፤ አስመሳዮቹ ጫፍና ጫፉን ማመሳሰል ያውቁበታል።

«ዋጋ ለማየት ዋሌት ማገናኘት ግድ ነው»

ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። መረጃው ብሎክቼን ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ለማየት የኮንትራት አድራሻው ይበቃል። ባለፈው አንድ ልጅ እዚሁ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ዋጋውን እናሳይህ» ላለው ገጽ የዋሌቱን 12 ቃላት፣ ማለትም ዋሌቱን የሚከፍቱትን ሚስጥራዊ ቃላት፣ ሊጽፍ ሲል ደረስኩበት። ስድስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። 12ቱን ቃል የሚጠይቅህ ዋጋ ሊያሳይህ አይደለም፣ ሊዘርፍህ ነው። በነገራችን ላይ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ፣ ማለትም እንደ ኢተር ባለ ዲጂታል ገንዘብ፣ መክፈል ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል። ማየትና መክፈል ለየቅል ናቸው።

«ሁለት መሣሪያ ሁለት ዋጋ ካሳየ አንዱ ይዋሻል»

ላይዋሽ ይችላል። አንዱ ኦፕንሲን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው ከብዙ ገበያ ሰብስቦ ያመጣል። ቮልዩም ላይም አንዱ የውሸት ሽያጩን ያጣራል፣ ሌላው እንዳለ ይደምራል። ደግሞ አንዱ በኢተር፣ ሌላው በዶላር ይጽፋል፤ ኢተር ሲወርድ ሥዕሉን ማንም ሳይነካው የዶላር ዋጋው ይወድቃል።

ትናንት አንዱ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ጋሼ፣ የትኛውን ልመን?» አለኝ። ሁለቱም የሚያሳዩት ያንኑ ገበያ፣ ያንኑ ስብስብ፣ በኢተር ነው። ታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አጉልቼ አሳየሁት። አንደኛው ስልክ ላይ ያለው ቁጥር ከጠዋት ጀምሮ አልታደሰም።